የተሰነጠቀ የካምቢዮ ኬዝ፦ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ከአዳማ የጻፉልኝ አንባቢ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲሄዱ የኮሮላቸውን ሆድ ድንጋይ መታባቸው፤ አውቶማቲክ ካምቢዮውም ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ጋራዥ በብረት ሙጫ ለጥፎላቸው ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ እንደገና ያፈስ ጀመር። አሁን አንዱ መካኒክ «በአርጎን ይበየድ» ይላቸዋል፣ ሌላው «ሙሉ ካምቢዮ ይቀየር» ይላቸዋል። እሳቸው ዘይት እየጨመሩ ይነዳሉ።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መንዳቱን ያቁሙ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሹን የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የፍሪሲዮን ሸራዎቹም (በዘይት ግፊት ተጨምቀው ማርሹን የሚይዙት ስስ ሳህኖች) እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ያን ጊዜ ኬዙ (የካምቢዮው የአሉሚኒየም ቅርፊት) ቢጠገን እንኳ ውስጡ አልቋል። ወደ ጋራዥ ሲወስዱትም በገመድ አያስጎትቱ። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቹ ሲዞሩ የካምቢዮው የውስጥ ክፍሎች ቅባት ሳያገኙ ይፈጫሉ። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱ፣ ወይም መኪናው ይጫን።

ቀጥሎ የሚያፈሰው በእርግጥ ኬዙ መሆኑን ያረጋግጡ። ድንጋይ ቀድሞ የሚያገኘው ከሥር ያለውን ኮፓ (የዘይት መያዣ ሳህን) ነው፤ እሱ ደግሞ ስስ ላሜራ ስለሆነ በቀላሉ ይቀየራል። ሥሩን በደንብ አሳጥበው ሲደርቅ ዱቄት ፓውደር ይነፉበትና ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያስነሱት፤ ዘይቱ የሚወጣበት መስመር ይታያል። ኮፓው ወደ ውስጥ ከጎደጎደም ዝም ብለው አይለፉት፤ የዘይት ማጣሪያውን ገፍቶ መሳቢያውን ሊያፍን ይችላል።

ኬዙ ከሆነ ውሳኔዬ የስንጥቁን ርዝመት አይከተልም፣ ቦታውን ነው የማየው። በውጭ ያለ ጆሮ (ቡሎን የሚታሰርበት ጉጥ) ወይም ግፊት የሌለው ዘይት ብቻ የሚነካው ግድግዳ ከሆነ ይበየዳል። ስንጥቁ ወደ ዘይት መተላለፊያ ቦይ፣ ወደ ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን በየቦዩ የሚያከፋፍለው ክፍል) መቀመጫ ወይም ኩሽኔታ ወደሚቀመጥበት ክብ ከደረሰ ግን እኔ አልበይደውም። በእነዚያ ቦዮች ውስጥ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ወደ 4 ባር፣ ጭነት ሲበዛ ከ10 ባር በላይ ግፊት አለ። ሙጫው ሦስት ሳምንት ብቻ የቆየው ዘይት የጠጣ አሉሚኒየም ላይ ስለተለጠፈ ይመስለኛል።

ብየዳው ከተመረጠ ካምቢዮው ወርዶ፣ ውስጡ በሙሉ ተፈትቶ ባዶ ኬዙ ብቻ ይበየድ። መኪናው ላይ እንዳለ ልበይድ የሚልዎትን እምቢ ይበሉት፤ ሙቀቱ ፓራኦሊዮቹን (የዘይት ማገጃ ጎማዎቹን)ና የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ይበላል። የቀረው ሙጫ እስከ ንጹሕ ብረቱ ይፋቅ፣ የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይበሱ፤ አለበለዚያ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይቀጥላል። ኬዙን ቀድሞ ማሞቅ ያስፈልጋል፣ የጠጣው ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ደጋግሞ ይጠረጋል። ሲያልቅ የኮፓው መግጠሚያ ፊት በቀጥ ያለ ብረትና በስፔሰር (በስስ የክፍተት መለኪያ) ይለካ። አሉሚኒየም ሲበየድ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ የትኛውም ጓርኒሲዮን (በመግጠሚያው መሃል የሚገባ ማሸጊያ) አያድነውም።

መቀየር ከሆነ ባዶ ኬዝ መግዛትን አልመክርም። ዋጋው ርካሽ ይመስላል፤ ግን ሙሉውን ፈትቶ መግጠም፣ ጓርኒሲዮኖችንና ፓራኦሊዮዎችን ሁሉ መቀየር፣ የፍሪሲዮኖቹን ክፍተት አንድ በአንድ መለካት ነው። ሸራዎቹ ዘይት ሳይጎድል የተረፉ ካልሆኑ በቀር ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ መፈለግ ይሻላል። መኪናው ላይ ባለው መለያ ሳህን የተጻፈውን የካምቢዮ ኮድ፣ ለምሳሌ ዩ341ኢ፣ ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ። ዘይቱን ያሽትቱ፤ የተቃጠለ ከሸተተ ወይም ኮፓው ውስጥ የብረት ብናኝ ካለ ይተዉት።

ሲገጠም እርስዎ ባሉበት ይሁን። ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) እየተዞረ እስከ መጨረሻው ወደ ፓምፑ መግባት አለበት። ሳይገባ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በቡሎን ተስቦ ሲጠብቅ ፓምፑ ይሰበራል፣ ኬዙም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እኔ አዲስ የተገዛ ካምቢዮ በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ። ኬዙ በእጅ ተገፍቶ ከሞተሩ ፊት ጋር ካልገጠመ አንድም ቡሎን አይጥበቅ። የሞተር ሱፖርት ጎማዎቹም ይታዩ፤ የተበጠሰ ካለ አዲሱ ጆሮም ይሰበራል። ዘይቱ መመሪያው ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፤ ቲ-4 እና ደብልዩ ኤስ የተባሉት የቶዮታ ካምቢዮ ዘይቶች አይቀያየሩም። ከሞላም በኋላ ትንሽ ተነድቶ ሲሞቅ፣ ሞተሩ እየሠራና ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ደረጃው እንደገና ይለካ።