«ቡቺ 0.5 አለፈ» ማለት ምን ማለት ነው?

በዚህ ወር የደረሱኝ ብዙዎቹ ጥያቄዎች ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት የደም ምርመራ ናቸው። ሰው ከነውሻው አገር መቀየር ስለጀመረ አይገርመኝም። አምስቱን መርጫለሁ።

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዲቪ ደርሶን በሐምሌ ወደ ቨርጂኒያ ልንሄድ ነው። ልጆቹ ያለ ቡቺ አንሄድም ብለው አስቸግረውኛል። ቡቺ ሦስት ዓመቱ ነው፣ በየዓመቱ ይከተባል፣ ደብተርም አለው። አሁን ደግሞ «ደሙ ውጭ ተልኮ ይመርመር» አሉኝ። የተከተበ ውሻ ደሙ ምን ይመረመራል? ገንዘብ ለመብላት ነው እንዴ? (ከሲኤምሲ)

እንኳን ደስ አላችሁ! ገንዘብ መብላት እንኳን አይደለም። ደብተሩ የሚለው «መርፌው ተወግቷል» ብቻ ነው። መርፌው መሥራቱን አይናገርም። መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ የሞቀ ክትባት ሊሆን ይችላል፣ ወይም የውሻው ሰውነት ለክትባቱ ደከም ያለ ምላሽ ሰጥቶ ይሆናል። በደሙ ውስጥ የሚፈለገው ቫይረሱን የሚያከሽፈው፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው መከላከያ (አንቲቦዲ) ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም (ከደም ተለይቶ በሚወጣው ቢጫ ውሃ) 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ «አለፈ» ይባላል።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ኢትዮጵያን የውሻ እብደት በብዛት ካለባቸው አገሮች መድቧታል። ከኦገስት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከእነዚህ አገሮች የሚመጣ፣ እዚሁ የተከተበ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ፣ መለያ ቁጥር የያዘ ቅንጣት) ያለው መሆን አለበት። ወረቀቱ ተሟልቶ፣ የእንስሳት መቀበያ ማዕከል ባለበት ኤርፖርት ነው የሚገባው (ለእናንተ ደለስ ይመቻችኋል)። እዚያም በቀጠሮ ታይቶ እንደገና ይከተባል። የደም ውጤት ከሌለው 28 ቀን ለይቶ ማቆያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሒሳቡን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የልጆቹን ለቅሶ ሳይጨምር ማለት ነው።

ስለ ቺፑ ምንም አልጻፉልኝም፣ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው። ቺፕ መግባት ያለበት ከክትባቱ በፊት ነው። ቡቺ ቺፕ ከሌለው የሦስት ዓመቱ ክትባት ለዚህ ጉዞ አይቆጠርለትም፣ ስለዚህ ቺፑ ገብቶለት እንደገና ይከተባል። ከዚያ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰዳል። ደሙ ከተወሰደ በኋላም እስኪገባ ቢያንስ 28 ቀን ማለፍ አለበት። ደምሩት፣ በትንሹ ሁለት ወር ገደማ ነው፣ ያውም ምንም ካልተበላሸ። ደሙ የሚላከው ሲዲሲ ወደተቀበላቸው ላብራቶሪዎች ነው፤ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲው አንዱ ነው።

ይበላሻልም። አንድ ክሊኒክ የደንበኛዬን ውሻ ደም ሴረሙን ሳይለይ ከነቱቦው በረዶ ቤት ከተተው። ቀይ ሴሎቹ ፈነዱ፣ ናሙናው እንደ ቀይ ወጥ ሆነ፣ እኛም እንደ አዲስ ጀመርን። ደሙ ከረጋ በኋላ በሴንትሪፉጅ ተለይቶ፣ ቢጫው ውሃ ብቻ በንጹሕ ቱቦ ነው የሚላከው። የቺፑ ቁጥር ቱቦውም ላይ ወረቀቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ያስተያዩት።

ወደ ጀርመን ወይም ወደ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ለምትሄዱ፦ እዚያም ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ነው ደም የሚወሰደው፣ ከዚያ ግን 3 ወር ይጠበቃል።

ዶክተር፣ የላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። አንቲቦዲው ቫይረሱን ማክሸፉን በምን ያውቃሉ? (ከጎንደር)

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። መልሱ «ያጋጥሟቸዋል» ነው፣ ቃል በቃል።

ሴረሙ መጀመሪያ 56 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፣ ሌሎች የደም ፕሮቲኖች ገብተው ውጤቱን እንዳያዛቡ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይቀጥናል። በየቅጥነቱ ላይ መጠኑ የታወቀ ሕያው የእብድ ውሻ ቫይረስ ይጨመራል። አዎ፣ ሕያው! ለዚህ ነው ሠራተኞቹ ራሳቸው ሳይከተቡ በዚያ በር የማይገቡት። ሴረሙና ቫይረሱ 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አብረው ይቆያሉ፣ ከዚያ ሕያው ሴሎች ይጨመሩባቸዋል። አንቲቦዲው በቂ ከሆነ ቫይረሱ ሴል ውስጥ አይገባም፣ ካልሆነ ይገባና ይባዛል። በማግስቱ ቫይረሱ ላይ ብቻ የሚጣበቅ የሚያበራ ቀለም ይደረግና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጥቁር ሜዳ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካበራ ቫይረሱ አሸንፏል፣ ጨለማ ከሆነ አንቲቦዲው አሸንፏል። ባለሙያው በእያንዳንዱ የመመርመሪያ ሳህን ጉድጓድ 20 ቦታ እያየ ይቆጥራል። ቁጥሩን ልኩ ከታወቀ ሴረም ጋር ሲያነጻጽረው ነው ዩኒቱ የሚወጣው።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲዲሲ ውስጥ የተሠራው አር ኤፍ ኤፍ አይ ቲ የሚባለው ዘዴ ነው። ፋቭን የሚባለው የፈረንሳዮቹ ዘዴ በ1998 የመጣ ሲሆን ሐሳቡ ያው ነው፣ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ 48 ሰዓት ይፈጃል። ኤላይዛ የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ ፈጣን ነው፣ ሕያው ቫይረስም አይፈልግም። ግን የሚለካው የሚጣበቀውን አንቲቦዲ እንጂ የሚያከሽፈውን አይደለም። መጣበቅና ማክሸፍ ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ባለፈው ወር የጎረቤት ውሻ ነክሶኝ ክትባቴን ጨርሻለሁ። ሠርቶልኝ እንደሆነ ልመርመር? ውሻውስ ደሙ ቢታይ ጤነኛ መሆኑ ይታወቅ ነበር? (ከአዳማ)

እግዚአብሔር ይማርሽ እህቴ፣ መርፌውን መጨረስሽ ትልቅ ነገር ነው። ጤነኛ ከሆንሽና በቀጠሮው ከወሰድሽ ምርመራ አያስፈልግሽም። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም በሽታ ካለብሽ ወይም እንደዚያ ዓይነት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ያኔ ምርመራው ትርጉም አለው።

የውሻው ደም ግን ምንም አይነግርሽም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በደም የሚለካው ክትባት ያመጣው ምላሽ ነው፣ በሽታው አይደለም። ቫይረሱ በነርቭ ሄዶ አንጎል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ሊያብድ የደረሰ ውሻ ደሙ ባዶ ሊሆን ይችላል። በሕይወት ያለ ውሻ 10 ቀን ይጠበቃል፣ የሞተ ወይም የተገደለ ከሆነ አንጎሉ ላብራቶሪ ይታያል። አንቺ ግን ይህ እስኪታወቅ ብለሽ መቀመጥ የለብሽም። ቁስሉ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬዳል። እናቶቻችን በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን የድሮውን የበግ አንጎል ክትባት እያስታወሱ ያስፈራራሉ፣ የዛሬው ግን ክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ነው።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ፣ ቅድመ መከላከያ ተከትቤያለሁ፣ ውጤቴም ከ0.5 በላይ ነው። ብነከስ አያሳስበኝም አይደል? (ከቢሾፍቱ)

ያሳስብሃል! ከተነከስክ ታጥበህ ሁለት መርፌ ትወስዳለህ፣ በዕለቱና በ3ኛው ቀን። የሚቀርልህ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋው ኢሚዩኖግሎቡሊን (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ አንቲቦዲ) ነው፣ እሱም ውድና እንደ ልብ የማይገኝ ስለሆነ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሥራህ ውሻ ሲነካካ መዋል ከሆነ በየሁለት ዓመቱ ተመርመር። ከሕያው ቫይረስ ጋር የሚሠሩት በየ6 ወሩ ነው።

ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ ሲከተብ አይተናል። የዱር አውሬ መከተቡን ማን ያረጋግጣል? እኛ ቤት ሁለት ውሾች አሉ፣ አንዳንዴ ከብት ጠባቂው ይዟቸው ወደ ላይ ይወጣል። (ከሮቤ)

ቀበሮን አንድ በአንድ ይዞ መውጋት ከባድ ነው። ክትባቱ ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ይሰጣል። ተመራማሪዎች በሙከራ እንዳዩት ከሁሉ የተሻለው የፍየል ሥጋ ነበር፣ ያውም በሌሊት በእጅ ሲጣል። ከዚያ ቀበሮዎቹን በጥንቃቄ አጥምደው ደም ወሰዱ። ከ21 ቀበሮዎች 14ቱ ሥጋውን መብላታቸው ከሥጋው ጋር በተሰጠ፣ ደም ውስጥ በሚገኝ መለያ ታወቀ። ከ14ቱ 7ቱ 0.5ን አለፉ። ለዱር እንስሳ ይበቃል በሚባለው በ0.2 ሲለካ ደግሞ 12 ደረሱ። መለኪያው ዝቅ ማለቱ ማጭበርበር አይምሰልዎት፤ 0.5 ለሰው ክትባትና ለጉዞ ወረቀት የተቀመጠ መስመር ነው፣ ከሱ በታች ያለ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የአፍ ክትባቱ በዘመቻ መሰጠት ጀመረ።

ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ሁሉም እዚሁ ኢትዮጵያ። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በሽታው ባሌ ተራሮች ውስጥ ወዳለው ዌብ ሸለቆ ሲገባ በዚያ ከነበሩት አብዛኞቹን ጨርሷል። በሽታውን ወደ ተራራው ይዞት የሚወጣው የእረኛ ውሻ ነው። እርስዎ ግን ስለ ሁለቱ ውሾችዎ ክትባት በደብዳቤዎ ምንም አላሉም።