ቀዩ በዝቶ ግራ ለገባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሳሎናቸውን ቀይ ሊቀቡ ያሰቡ ወዳጆች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ጠይቀውኛል። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ሱቅ ውስጥ ሦስት ቀይ አሳዩኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱንም ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። አንዱ ወደ ብርቱካን፣ አንዱ ወደ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ወደ ቡናማ ሲያደላ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ደሴ ደመናና ጉም አያጣትም። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው ቀይ በደመና ብርሃን ይጠቁራል፣ ቤቱን ያጨልማል። እኔ ብሆን ወደ ብርቱካን የሚያደላውን እወስዳለሁ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ደሴ እህቴ ቤት ያየሁት ቀይ ልቤን ወሰደው። የቀለሙን ቁጥር ተቀብዬ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ! ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት፣ ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ደሴ ያማረህ ቀይ ኮምቦልቻ ላይ ዓይን ሊወጋ ይችላል። ደብዘዝ ያለውን እይ፣ ወይም አንድ ግድግዳ ብቻ ቀባ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ግን ይቅር፤ ደማቅ ቀይ እዚያ ቶሎ ይለቃል።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ሳልቀባ እንዴት ልሞክረው?

መልስ፦ ትንሹን ቆርቆሮ ግዢ። ሰፋ ያለ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ (ሁለት ጊዜ ደርበሽ) ቀቢና ይድረቅ፤ እርጥቡን አይተሽ አትወስኚ። ዳር ዳሩን ነጭ ተይለት። አሮጌው ግድግዳ ላይ ብትሞክሪው የድሮው ቀለም ዓይንሽን ያታልለዋል። ከዚያ ካርቶኑን ከመጅሊሱ ጀርባ አቁሚው። ጠዋት እይው፣ ቀትር ላይ እይው፣ በተለይ ማታ መብራት ሲበራ። አምፖሉ ነጭ ከሆነ ቀዩ ይቀዘቅዛል፣ ቢጫ ከሆነ ይሞቃል። እንግዳ የምትቀበዪው ማታ ከሆነ የማታውን እመኚ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ቀቢው ሁለት እጅ ይበቃል ብሎኝ ነበር፤ ሥሩ አሁንም ይታያል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥፋቱ የቀቢው ላይሆን ይችላል። ደማቅ ቀይ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው። ሌላ ክፍል ሲያስቀቡ ከሥር ነጭ ሳይሆን ግራጫ ያስቀድሙ፤ ቀዩ በቶሎ ይሞላል። የኖራ ግድግዳ ከሆነ መጀመሪያ ይፋቅ፣ አለዚያ ይላጣል።

ጥያቄ፦ የሚያብለጨልጭ ይሻላል?

መልስ፦ ግድግዳው ካልተስተካከለ አይሻልም። እብጠቱን ሁሉ ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ካነሰኝ ኋላ ብጨምርስ?

መልስ፦ በአንዴ ግዙ። ቁጥሩ ያው ሆኖ እንኳ በሌላ ቀን የተቀመመው ትንሽ ሊለይ ይችላል። ባልዲዎቹን አንድ ላይ ደባልቁ። የግድ ከተጨመረም አዲሱን ከማዕዘን ጀምሩ እንጂ ግድግዳው መሃል ላይ አታገናኙት።