ቴርሞሜትሩ ትራሴ ሥር ነው

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ነርስ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሰኔ ወዲህ የኮሮና ታማሚዎች ክፍል ነው የተመደብኩት። ሥራውን አልፈራም፤ እውነቴን ነው። ጋውኔን ለብሼ ኦክስጅን ሳስተካክል፣ የተኙትን ሳገላብጥ እጄ አይንቀጠቀጥም። ጉዱ የሚጀምረው ከግቢው ስወጣ ነው።

ባጃጅ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ምራቄን መዋጥ እጀምራለሁ። ጉሮሮዬን ከረከረኝ? አልከረከረኝም? ሰፈሬ ማራኪ እስክደርስ ይኸው ነው። ቤት ገብቼ ሙቀቴን እለካለሁ፤ 36.4። እፎይ! ልብሴን ዘፍዝፌ ስጨርስ እንደገና እለካለሁ። ቴርሞሜትሩን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው፤ ሌሊትም ሦስት አራቴ እነሳለሁ። ቡና ስቆላ እንኳ ማሽተት መቻሌን ለማወቅ አፍንጫዬን ምጣዱ ላይ እደፋለሁ።

የአምስት ዓመት ልጄን አዘዞ እናቴ ዘንድ ልኬዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጥር ውጭ ቆሜ አየዋለሁ። ባለፈው እየሮጠ መጣ። «እንዳትመጣ!» ብዬ ጮህኩበት። እንደዚያ ጮሄበት አላውቅም። ተመልሶ አያቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠ። እናቴ ፍልሰታን ይዛ ስለ እኔ ስትሰግድ ትውላለች፤ እኔ ደግሞ «ደህና ነኝ» እላታለሁ። አከራዬም «ሥራሽን እስኪቀይሩልሽ ሌላ ቤት ብትፈልጊ» ብለውኛል።

ሦስት ጊዜ ተመርምሬ ነጻ ነኝ። ግን ውጤቱ በመጣ ማግስት «ትናንት ተይዤ ቢሆንስ?» እላለሁ። እብደት ነው? ሥራውን ልተወው?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ነሐሴ 2012

መልስ

እህቴ፣ እብደት አይደለም።

በሽታው ባለበት ክፍል አትፈሪም፤ ባጃጅ ውስጥ ትፈሪያለሽ። ክፍሉ ውስጥ እጅሽ ሥራ አለው። ስትወጪ ግን እጅሽ ባዶ ይሆናል፤ ያኔ ፍርሃቱ ራሱ ሥራ ይሰጥሻል። ቴርሞሜትር ያስይዝሻል።

36.4 አይተሽ ያገኘሽው እፎይታ የቆየው ልብስ ዘፍዝፈሽ እስክትጨርሺ ነው። በለካሽ ቁጥር ፍርሃቱን ታበይዋለሽ። የጎረቤት ድመት አንዴ በሩ ላይ ካጎረስሻት ማታም ትመጣለች፤ ይህም እንደዚያው ነው። ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ፦ ቫይረሱ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ 5 ወይም 6 ቀን፣ ሲረዝም 14 ቀን ይወስዳል። ከባጃጅ ወርደሽ የለካሽው ሙቀት ስለ ዛሬው ውሎሽ ምንም አይነግርሽም።

ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ለኪና ጻፊው። ቴርሞሜትሩ ከመኝታሽ ይራቅ፤ ጎረቤት አስቀምጪው ብልሽም ደስ ይለኛል። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ። «ተነሽ ለኪ» የሚለው ስሜት ይመጣል፣ ይበረታል፣ ካልታዘዝሽው ቀስ ብሎ ይወርዳል። እስኪወርድ ጠብቂው።

ጥንቃቄሽን ሁሉ ልብስ ማውለቂያው ቦታ ላይ ጨርሺው። የጤና ባለሙያ ራሱን የሚበክለው ብዙ ጊዜ ሲያወልቅ ነው፤ ደክሞት፣ ቸኩሎ። አንድ ባልደረባሽ ፊት ለፊት ቆማ ትይሽ። የምታወልቂውን እያንዳንዱን በየተራው ትጥራልሽ፣ በየመሃሉም እጅሽን መታጠብሽን ትመልከት። መጨረሻ ላይ «ጨርሰሻል» ትበልሽ። አንቺም ለእሷ እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰዓት ፍተሻ የለበትም።

ይህን ብቻሽን አትሸከሚው። የከተማሽ የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ወባ እዚያው ጎንደር አጠገብ ያለችውን ደምቢያን ከፈጀ በኋላ ነው። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒታሪያኑን) በቡድን እንዲሠሩ ነበር የሚያሠለጥነው። ወረርሽኝ ዘንድ አንድ ሰው ለብቻው እንደማይላክ ያኔም ገብቷቸው ነበር። አንቺ ግን ሌሊቱን ለብቻሽ ይዘሽዋል። ዋርድ ውስጥ ከምታምኛት አንዷ ጋር አውሪ። እሷም የምትደብቀው ቴርሞሜትር ሳይኖራት አይቀርም።

አከራይሽን በተመለከተ፣ ለኮሮና በ2012 በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደንብ ተከራይ ማስወጣት ተከልክሏል። መብትሽን እወቂ፤ ደንቡን ግን መጀመሪያ አትምዘዢው። ሰውዬው ፈርተዋል። እንዴት እንደምትታጠቢ፣ ልብስሽን የት እንደምትተዪ ንገሪያቸው።

ለእናትሽ «ደህና ነኝ» ማለቱን ተዪው። ደህና ብትሆኚ ኖሮ ያን ያህል የሚሰግዱ ይመስልሻል? «እፈራለሁ እማዬ» በያቸው።

ሥራውን ስለመተው አሁን አትወስኚ፤ ያልተኛ ሰው መወሰን የለበትም። ሜትሮኗን፣ የነርሶቹን ኃላፊ፣ ለጥቂት ሳምንት ወደ ሌላ ክፍል እንድታዞርሽ ጠይቂ። ይህ የመዳከም ምልክት አይደለም፤ ዲዩቲ የሚፈራረቀው ለዚሁ ነው። ሁለት ሳምንት ሞክረሽ እንቅልፉ ካልተመለሰ ሳይካትሪ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ሂጂ። ታካሚሽ ቢሆን ዛሬውኑ ነበር የምትልኪው።

ልጅሽ አንቺ የተቆጣሽው መስሎታል። በሽታው ልብስሽ ላይ ተቀምጦ እንዳይመጣበት ብለሽ እንደጮህሽ ንገሪው፤ አምስት ዓመት ይህን ለመረዳት ይበቃል። ከአጥሩም ራቁ። ሜዳ ላይ ማስክሽን አድርገሽ፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብለሽ ቁሚ። ኳስ በእግር ብትቀባበሉ ማንም ማንንም አይነካም። ቅዳሜ ኳስ ይዘሽ ሂጂ።