በቡድን ሥሪው፤ ግን ስም ለማስቆጠር አይሁን

እህቴ ዶክተር፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሙያ ሰርተፊኬታችንን ለሚሰጠን ለአሜሪካ የቤተሰብ ሕክምና ቦርድ የምናቀርበው የጥራት ማሻሻያ ሥራ፣ ሁላችንም ፒ.አይ. የምንለው፣ ጊዜው ደርሶብሻል። ብቻሽን ትጨርሺው ወይስ ከክሊኒኩ ሐኪሞች ጋር አንድ ላይ ትሠሪው አልወሰንሽም። «በቡድን ሲሆን አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይፈርማል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብለሻል። በሁለቱም መንገድ ስላለፍኩ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

አዎ፣ ይደርሳል። እኔም ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ክሊኒክ የስኳር ታካሚዎችን የእግር ምርመራ ለማሻሻል ተብሎ ስሜ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ተመዘገበ። አንድ የምሳ ሰዓት ስብሰባ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከወራት በኋላ «ተሳትፌአለሁ» ብዬ አረጋገጥኩ። ምን እንደተለወጠ ቢጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ቦርዱ የሚፈልገው ግን እያንዳንዱ ሐኪም መነሻውን መለኪያ አይቶ፣ ለውጡን በራሱ ታካሚዎች ላይ ሞክሮ፣ ከለውጡ በኋላ የመጣውን ውጤት መመርመሩን ነው። ያ ማረጋገጫ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። እንዲህ የማስረዝመውም ለዚህ ነው።

አሁን የምሠራው ሜሪላንድ ነው፤ ብዙ ሀበሻ ታካሚዎች አሉን። ስድስት ሐኪሞች ሆነን ስንጀምር ከመካከላችን አንዱ ስኳሩንም፣ ደም ግፊቱንም፣ የአንጀት ካንሰር ምርመራውንም በአንድ ላይ እንያዝ አለ። ደግነቱ ደም ግፊትን ብቻ መረጥን። መለኪያው ለሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን ለሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ከምንልከው ሪፖርት ውስጥ ስለነበረ አዲስ መረጃ መሰብሰብ አላስፈለገንም፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 85 ከሆኑ የደም ግፊት ታካሚዎች ውስጥ የመጨረሻው ልኬታቸው ከ140/90 በታች የሆነው ስንቶቹ ናቸው የሚል ነው።

መጀመሪያ የገጠመን እንቅፋት ይሉኝታ ነበር። የእያንዳንዱ ሐኪም ቁጥር በስም ሲቀርብ ሁሉም አቀርቅሮ ዝም አለ። ታላቅን ማሳፈር እንዳይሆን ታናሹ አይናገርም፤ ታናሽን ማስከፋት እንዳይሆን ታላቁም አይናገርም። ዝምታውን የሰበሩት አንጋፋው ሐኪማችን ናቸው። የራሳቸውን ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡና «የእኔ ከሁላችሁ ያነሰ ነው፤ ለምን እንደሆነ አብረን እንፈልግ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ስብሰባው ስብሰባ የሆነው። አንቺም ጋ ቁጥሩን ቀድሞ የሚያነበው ከሁሉም የሚከበረው ሰው ይሁን። እንዲህ ካልሆነ ሁሉም ስለ ሥራ ብዛት አውርቶ ይበተናል።

ምክንያቱን ስንፈልግ እያንዳንዳችን መድኃኒት በማዘዝ ረገድ ቸልተኛ የሆንን መስሎን ነበር። መዝገቦቹን ስናገላብጥ ግን ከፍ ያለ ልኬት የተመዘገበላቸው አብዛኞቹ ታካሚዎች የተለኩት አንዴ ብቻ ነው፤ የደገመላቸው የለም። ስለዚህ ተራ በተራ ልኬቱ የሚወሰድበት ክፍል ገብተን ተመለከትን። ታካሚው ከመኪና ማቆሚያው ቸኩሎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ቡናውን ጠጥቶ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ መመርመሪያው አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ እየተጠየቀና እየመለሰ ይለካል። ለወፍራም ክንድ የሚሆን ሰፊ ካፍ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ክፍል፣ የነበረው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። ጠባብ ካፍ፣ ወሬ፣ ያልተደገፈ ጀርባ፣ እያንዳንዳቸው ልኬቱን ከፍ እንደሚያደርጉት ሁላችንም ተምረናል። የተማርነው ሌላ፣ ክሊኒካችን ውስጥ የሚደረገው ሌላ ነበር።

ከሐኪሙ በፊት ታካሚውን ተቀብላ የምትለካውን ሜዲካል አሲስታንት በስብሰባው እንድትገኝ የጠራናት ያኔ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ልትኖር ይገባ ነበር። «ታካሚው አምስት ደቂቃ ይረፍ ትላላችሁ፤ ለአንድ ሰው ከተሰጠኝ ስምንት ደቂቃ አምስቱን ከየት ላምጣ?» አለች። ከስድስታችን አንዳችንም ይህን አስበን አናውቅም። መፍትሔውም የመጣው ከእሷ ነው። ታካሚው መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ እግሩን መሬት አስነክቶ ይቀመጣል፤ ጥያቄዎቿን መጀመሪያ ትጨርሳለች፤ ከዚያ እሷ የመድኃኒት ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ ስታስገባ እሱ በዝምታ ያርፋል፤ የሚለካው በመጨረሻ ነው። ልኬቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሩ ላይ ቀይ ካርድ ይሰቀላል፤ ሐኪሙ ካርዱን የሚያነሳው ራሱ ደግሞ ከለካ በኋላ ነው።

በአንድ ቀን ሁለት ልኬት ካለ መለኪያው ዝቅተኛውን ነው የሚቆጥረው። ይህን ሰምተሽ «ቁጥር ማሳመር ነው» እንዳትዪ። አንዲት እናት ነበሩኝ፤ ሦስተኛ መድኃኒት ጨምሬባቸው ሲያዞራቸው ከርመዋል። በሥርዓት አርፈው ሲለኩ ሦስተኛው አያስፈልጋቸውም ነበር። ለካስ ሳክም የነበረው ጥድፊያቸውን ነው።

በሁለተኛው ዙር ደግሞ ተለክተው፣ ተደግመው፣ አሁንም ከፍ ያለባቸውን ለይተን ያዝን። እዚህ ላይ የረዳችን እንግዳ ተቀባይዋ ናት። «በጾም ሰሞን እኮ ብዙዎቹ የጠዋቱን ክኒን አይወስዱም» አለችን። ለእኛ ለሐኪሞቹ ነግረውን አያውቁም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም። በቀን አንዴ የሚወሰደውን ወደ ማታ ማዛወር ለብዙዎቹ በቂ ሆነ። ብቻዬን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ብሠራው ኖሮ ይህን ከየት እሰማው ነበር?

«ፈተናው አልበቃ ብሎ ይህን ለምን ይጨምሩብናል» ላልሽው አንድ ነገር ልበል። ቦርዱ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የዕድሜ ልክ ሰርተፊኬት ላለመስጠት ወስኖ ነው የተነሳው፤ ያኔ ሌሎቹ ቦርዶች አንዴ ያለፈን ሐኪም ዳግመኛ አይጠይቁም ነበር። የዕውቀቱን ክፍል፣ በአንድ ቀን ፈተና ፋንታ ረጅሙን ምዘና ለመረጥነው በየሩብ ዓመቱ የሚመጡትን 25 ጥያቄዎች ጭምር፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን እንመልሳለን። ታካሚ ግን በአንድ ሐኪም ዕውቀት ብቻ አይታከምም። ስለዚህ ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥ የዕለት ሥራችንን የሚመስል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ አሠራሩ፦ ከናንተ አንዱ መሪ ሆኖ ማመልከቻውን ይሙላ፤ ግን ማን ምን እንደሠራ ከነቀኑ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ጻፉ፤ በኋላ ከትዝታ መሙላት አድካሚ ነው፣ እውነትም አይሆንም። ክሊኒካችሁ የትልቅ የጤና ድርጅት አካል ከሆነ የጥራት ክፍሉን ጠይቂ፤ ቀድሞ የጸደቀ ፕሮጀክት ሊኖራቸው ይችላል። ቋሚ ቦታ ሳይኖርሽ በኮንትራት የምትዘዋወሪ ብትሆኚ ኖሮ ብቻሽን ሥሪው እልሽ ነበር፤ አምስት ባልደረቦች አጠገብሽ እያሉ ግን አልልም።

የቀይ ካርዱን ጽሑፍና የተጠቀምንበትን ቅጽ በውስጥ መስመር ከጠየቅሽኝ እልክልሻለሁ። እስከዚያው ነገ ጠዋት ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት ሜዲካል አሲስታንታችሁ ጋ ሄደሽ አንድ ነገር ጠይቂያት፤ ደም ግፊት ስትለካ ታካሚው የት ነው የሚቀመጠው?