ማትላብ፣ ፓይተን ወይስ አውቶካድ? ለሁለተኛ ዓመት ሲቪል ተማሪ

«ሁለተኛ ዓመት ሲቪል ነኝ፣ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፤ ማትላብ፣ ፓይተን፣ አውቶካድ፣ የቱን ልጀምር?» ላልሽው እህቴ፣ ማትላብና ፓይተን ለስሌት ኮድ የሚጻፍባቸው፣ አውቶካድ ደግሞ የሕንፃ ሥዕል የሚሣልበት ነው፤ እኔ ግን ከሦስቱም በፊት ኤክሴል እልሻለሁ። ዲዛይን ቢሮ ስትገቢ የመጠን ስሌቱም፣ የክፍያ ሰርተፍኬቱም፣ ብዙው የዲዛይን ቼክም እዚያው ላይ ነው የሚሠራው። ቢሯችን የሚመጡ አዲስ ተመራቂዎች ሲቪያቸው ላይ የሶፍትዌር ስም ይደረድራሉ። «ይሄ ቁጥር ልክ መሆኑን በምን አወቅክ?» ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። ስለዚህ መልሱን ቀድመሽ በምታውቂው ጥያቄ ጀምሪ።

ከደብተርሽ በሁለት ጫፉ የተደገፈ 6 ሜትር ቢም፣ ማለትም አግዳሚ ተሸካሚ፣ ውሰጂ። በየሜትሩ 20 ኪሎ ኒውተን ይጫነው። ትልቁ ሞመንት፣ ማለትም ቢሙን የሚያጎብጠው ጫና፣ 20 ሲባዛ በ36፣ ሲካፈል ለ8 ነው፤ መሀሉ ላይ 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር። አሁን ኤክሴል ክፈቺ። በአንዱ ዓምድ ርቀቱን ከ0 እስከ 6 በግማሽ ግማሽ ሜትር ጻፊ። በሁለተኛው 60 ጊዜ ርቀቱ፣ ሲቀነስ 10 ጊዜ የርቀቱ ስኩዌር የሚለውን ቀመር አስገቢና ወደ ታች ጎትቺው፤ 60ው እያንዳንዱ ድጋፍ የሚሸከመው የጠቅላላ ጭነቱ ግማሽ፣ 10ሩ የ20ው ግማሽ ነው። 3 ሜትር ላይ 90፣ ጫፎቹ ላይ ዜሮ ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል። ሲስተካከል ጭነቱንና ርዝመቱን ለብቻቸው ሴል ውስጥ አድርገሽ ቀመሩን ከእነሱ ጋር አያይዢው። ከዚያ 6ቱን ወደ 8 ቀይሪና ሠንጠረዡን አስረዝሚው። ሞመንቱ 160 ይገባል! ርዝመቱ በሲሶ ሲጨምር ሞመንቱ ወደ እጥፍ መጠጋቱን በዓይንሽ ታያለሽ። ይሄን ያየ ተማሪ ስለ ስፓን፣ ማለትም በድጋፎች መካከል ስላለው ርቀት፣ የሚያስበው ሌላ ነው።

ሳይን ላይም ተጠንቀቂ። ኤክሴልን የ30 ዲግሪን ሳይን ብለሽ 30 ብቻ ጽፈሽ ስትጠይቂው 0.5 ሳይሆን ኔጌቲቭ 0.988 ይልሻል። ኤክሴልም፣ ማትላብም፣ ፓይተንም አንግሉን የሚያነቡት በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ነው። ትረስ (እንደ ጣሪያ ማገር በሦስት ማዕዘን የተገጣጠመ መዋቅር) ስትሠሪ ይሄን ካላወቅሽ ስህተቱን ስትፈልጊ ታድሪያለሽ።

ብዙ እኩልታ በማትሪክስ መፍታት ስትጀምሪ ኤክሴል ይጠብሻል። ያኔ ኦክቴቭን ጫኚ። ነፃ ነው፣ ለኮርስ የምትጽፊው የማትላብ ኮድ አብዛኛው እንዳለ ይሠራበታል፣ አንዴ ካወረድሽው ኢንተርኔት አይጠይቅሽም። ሲሙሊንክ የሚባለው፣ ሲስተም በሥዕል እየገጣጠሙ የሚሞከርበት የማትላብ ክፍል የለውም፤ ያ የሚያሳስበው ኤሌክትሪካሎችን ነው። ፓይተን ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ኔትዎርክ ካለሽ ጎግል ኮላብ ላይ ሞክሪው፤ ስሌቱ የሚሠራው እነሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ላፕቶፕሽን አያደክምም።

«ጓደኛዬ ክራኩን በፍላሽ ይሰጠኛል» ያልሽውን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ ሶፍትዌር መጫኑን፣ ግን እባክሽ ተዪው። ክራክ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አንቲቫይረስሽን አጥፊ ይልሻል። ተማሪ ሳለሁ እኛ ዶርም የአንድ ልጅ የፕሮጀክት ፎልደሮች ሁሉ በዚሁ ምክንያት ማስረከቢያው ሳምንት ላይ ሾርትከት ሆነው ቀርተዋል። አውቶካድ ለተማሪ በየዓመቱ የሚታደስ ነፃ ፈቃድ አለው፤ ተማሪ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ ነው የሚጠይቅሽ።

የአውቶካድ አዲሶቹ ቨርዥኖች 4 ጊጋ ላይ ስለሚከብዱ ለጊዜው ግቢው ላብ ውስጥ ተለማመጂ። ዶርምሽን በሜትር ለክተሽ በትክክለኛ ልኩ ሣዪው፤ ስኬሉ የሚመጣው ስታትሚ ነው። 1 ለ 50 አትመሽ በማስመሪያ ለኪው። 4 ሜትር ግድግዳ ወረቀቱ ላይ 8 ሳንቲም መሆን አለበት።