የስዊድኑ ሣር ሸምበቆ ነው ወይስ ሌላ?

እህቴ፣ ወንድምሽ በጁላይ አጋማሽ ስዊድን ውስጥ ከአንድ ሐይቅ ዳር ያነሳውን ፎቶ አጋርተሽ «ይህ ሐዋሳ አጠገብ በጥቁር ውሃ ወንዝ አፋፍ የምናየው ሸምበቆ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ በቁመቱ ፈርደዋል። ቁመት ግን እዚህ ላይ የማይታመን ምስክር ነው፤ ያልተመቸው ሸምበቆ ያጥራል፣ የተመቸው ሌላ ሣር ከሰው ቁመት ያልፋል።

በመጀመሪያ ወገኑን እንለይ። ተማሪዎቼን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስወስድ ከሁሉ አስቀድሜ አገዳውን በሁለት ጣት መካከል እንዲያሽከረክሩት አደርጋለሁ። ቄጤማ ባለ ሦስት ጠርዝ ነውና አልሽከረከር ይላል፤ ውስጡ ድፍን ነው፣ አንጓም የለውም። ሣር ግን ክብ ነው፣ አንጓ አለው፣ በአንጓዎቹ መካከልም ባዶ ነው። ፊላ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ቡናማ ራስ ብቻውን ይናገራል። በፎቶሽ ላይ አንጓዎቹ ቁልጭ ብለው ስለሚታዩ ሣር መሆኑ አያከራክርም።

የሚቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ በእኛም በእነሱም አገር የሚበቅለው ሸምበቆ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፍራግሚተስ አውስትራሊስ ነው። (በየግቢው የሚተከለው ወፍራሙ ሸምበቆ አሩንዶ የተባለ ሌላ ሣር ስለሆነ ለጊዜው እንተወው።) ሌላው በሰሜን አውሮፓ ረግረግ የተለመደው ፋላሪስ አሩንዲናሴያ ነው። ይህንን ስም በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው። ሁለቱም ከዓመት ዓመት የሚኖሩ፣ በመሬት ውስጥ ግንድ እየተስፋፉ ጥቅጥቅ ብለው የሚበቅሉ ናቸው፤ ከሩቅ ቢያሳስቱ አይገርምም።

ቁርጡ የሚታወቀው ቅጠሉ ከአገዳው በሚለይበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ቅጠሉን በቀስታ ወደ ኋላ አጠፍ አድርጎ ከውስጥ በኩል ማየት ነው። ሸምበቆ እዚያ ላይ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት የተደረደረ አጫጭር ጸጉር አለው። ፋላሪስ ጸጉር የለውም፤ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ያለች፣ ነጣ ያለች ስስ ሽፋን ናት ያለችው፤ ብዙ ጊዜ ጫፏ ተቀዳዶ ይገኛል።

ፎቶው ከሩቅ ስለተነሳ ይህ አይታይም። እኔ ግን ወደ ፋላሪስ አጋድላለሁ፤ ምክንያቴ ወሩ ነው። ሸምበቆ በዚያ አገር የሚያብበው በጋቸው ሲገባደድ፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ነው። በፎቶው ላይ ያለው ሣር ግን በጁላይ አጋማሽ አብቦ ጨርሶ የአበባ ዘለላው ተሰብስቦ ጠብቧል። ፋላሪስ ሲያብብ ዘለላውን ይዘረጋል፣ ካበበ በኋላ መልሶ ይሰበስበዋል። የሸምበቆ ዘለላ ትልቅና የተንዠረገገ ነው፤ ሲበስል ሐር በሚመስል ጸጉር ይሸፈናል።

ወንድምሽ አንድ አገዳ ቆርጦ፣ ነጭ ወረቀት ከኋላ አድርጎ መጋጠሚያውን ብቻ ከቅርብ ያንሳው። ጣቱን ግን ይጠንቀቅ፣ የሸምበቆ ቅጠል ጠርዝ ይቆርጣል።