ፊዚክሱን ልተወው ላላችሁኝ

አንድ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለልኝ። አራት ኪሎ ፊዚክስ ተምሯል። አሁን ሱፐርማርኬት ውስጥ የማታ ካሸር ነው። ሰላምታው እንዳለቀ «ጋሼ፣ ፊዚክሱን ልተወውና ኮምፒውተር ልማር? ወይስ ቢዝነስ ይሻለኛል?» አለኝ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ድምፅ ነበር። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት።

ይህን ጥያቄ ከፍራንክፈርትም ከዱባይም ይጠይቁኛል። ለሱ ያልኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው። የተማራችሁትን ትምህርት ስም ለጊዜው እርሱት። እጃችሁ ላይ ያለውን ሙያ ቁጠሩ። ቀመር ማንበብ ትችላላችሁ? የተዝረከረከ ቁጥር ውስጥ መልክ መፈለግ ትችላላችሁ? ግምታችሁን በመረጃ ፈትናችሁ፣ ሲከሽፍ ሳትከራከሩ መጣል ትችላላችሁ? እንግዲያው የያዛችሁት ነገር ብዙ ቤት ይገባል።

እኔ ካሸር የነበርኩበት ሱቅ ከከተማ ወጣ ያለ ነበር። ደንበኛ ሲከፍል ዚፕ ኮዱን፣ ማለትም የሰፈሩን የፖስታ ቁጥር፣ እንጠይቃለን። አንዳንዱ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነድቶ ይመጣል። ጎረቤታችን ደግሞ እኛን አልፎ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሞ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መፈለግ ጀመርኩ። ዊልያም ራይሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1931 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ያሳተመውን ሕግ አገኘሁ። ሁለት ከተሞች በመካከላቸው ካለች ትንሽ ከተማ ገበያተኛ ይስባሉ። የሚስቡት በሕዝባቸው ብዛት ልክ ነው፤ ርቀት ሲጨምር ግን ጉልበታቸው በርቀቱ ስኩዌር፣ ማለትም ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር፣ ይቀንሳል። ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። አራት ኪሎ የተማርኩት የኒውተን ስበት ነው! ስሙንም የችርቻሮ ንግድ ስበት ሕግ ብለውታል።

በ1960ዎቹ ዴቪድ ሃፍ የሚባል ተመራማሪ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሱቅ አወረደው። ሰውየው የግድ እዚህ ይገዛል አይልም፤ እዚህ የመግዛት ዕድሉ ስንት ነው ይላል። ቁጥር እናስገባበት። ከቤታችሁ 5 ደቂቃ ላይ 100 ካሬ ሜትር የሐበሻ ሱቅ አለ። 10 ደቂቃ ላይ 400 ካሬ ሜትር የሆነ ሌላ አለ። የሱቁን ስፋት ለመንገዱ ደቂቃ ስኩዌር አካፍሉት። 100 ለ25 ሲካፈል 4፤ 400 ለ100 ሲካፈልም 4። ስለዚህ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ትልቁን ሱቅ 20 ደቂቃ ላይ ብትወስዱት ግን የሱ ጉልበት 1 ብቻ ይሆናል። ከአምስቱ ጉዞ አራቱ ወደ ትንሹ ሱቅ ነው ማለት ነው። ሃፍ ስኩዌሩን እንደ ታቦት አልተሸከመውም። ሰው ለልብስና ለቤት ዕቃ የሚታገሠው መንገድ ስለሚለያይ ቁጥሩን ከመረጃው ያወጣዋል።

ፕላኔት ግን ሐሳቡን አይለውጥም፤ ሰው ይለውጣል። ባለሱቁ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይላል። ደመወዝ እስኪገባ በዱቤ ይሰጣል። ይሄ ቀመሩ ውስጥ የለም። ፊዚክስ የተማረ ሰው ገበያ ጥናት ውስጥ ሲገባ ትልቁ አደጋው ይሄ ይመስለኛል። ቀመሩ ስላማረ ብቻ እውነት ይመስለዋል። ሱቅ ሄዳችሁ ቁሙ። የሚገባውን የሚወጣውን እዩ። ከዚያ ላፕቶፑን ክፈቱ።

የስበቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ስበት ሞገድ ላውራ፤ ከባድ አካላት ሲናወጡ ሕዋው ራሱ የሚርገበገበው ሞገድ ነው። አንስታይን በ1916 እንዲህ ያለ ሞገድ መኖር አለበት አለ። የተያዘው ግን ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2008ን በተቀበልን በሦስተኛው ቀን። የያዙት ላይጎ (LIGO) የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ መሣሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ሉዊዚያና ሊቪንግስተን፣ ሌላው ዋሽንግተን ስቴት ሃንፎርድ ውስጥ ነው። እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሏቸው፤ በውስጣቸው የሌዘር ጨረር ይመላለሳል። 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት ላይ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋሐዱ። አንዱ የፀሐይን 36 እጥፍ፣ ሌላው 29 እጥፍ ይከብድ ነበር። ሲዋሐዱ 62 ሆኑ። የጎደለው 3 ፀሐይ በሙሉ ሞገድ ሆኖ ሄደ። ያ ሞገድ እኛ ዘንድ ሲደርስ ክንዱን የነቀነቀው ከፕሮቶን ስፋት ሺህ ጊዜ ባነሰ መጠን ነው። ምልክቱ የቆየው አንድ አምስተኛ ሰከንድ ብቻ ነው።

መሣሪያው ከሚሰማው ሌላ ጫጫታ ሁሉ ውስጥ እንዴት ተለየ? ሠርግ ቤት ሙዚቃው እየጮኸ፣ ሰዉ እየተንጫጫ የእናታችሁን ድምፅ ትለያላችሁ አይደል? ድምፁን አስቀድማችሁ ስለምታውቁት ነው። ኮምፒውተሩም እንደዚያ ነው። ቲዎሪ የሚሠሩት ሰዎች ሞገዱ ምን ሊመስል እንደሚችል በብዙ ሺህ መልክ አስልተው ይሰጡታል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን መልክ በመሣሪያው ድምፅ ላይ እያንሸራተተ የሚገጥመውን ይፈልጋል። የ2017 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለራይነር ዋይስ፣ ለባሪ ባሪሽና ለኪፕ ቶርን ተሰጠ። ግኝቱ የታተመበት ጽሑፍ ግን ከ1,000 በላይ ስም አለበት። መስታወት የሰቀለ አለ፣ ኮድ የጻፈ አለ። «እኔ ቲዎሪ ነኝ» ብሎ ኮምፒውተር የማይነካ ተማሪ ሳገኝ የምነግረው ይህንን ነው። ዛሬ ያ ዳታ በነፃ ተለቋል። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከነማስተማሪያው አውርዶ ቤቱ ይሞክረዋል። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

ዶክትሬቴን ጨርሼ የችርቻሮ ሽያጭ ዳታ የሚተነትን ሥራ ገባሁ። በ2024 የፀደይ ወራት ጥቂት ሱቆች ላይ ሥጋና ቅቤ ወረደ። ምስርና ሽምብራ ወጣ። የሥራ ባልደረቦቼ የፈረንጁ ፋሲካ እስኪያልፍ ጠበቁ። ማርች 31 ሆነ፤ አለፈ፤ ቁጥሩ አልተመለሰም። ዳታው ተበላሽቷል ተባለ። የሱቆቹን አድራሻ አየሁ፤ የሐበሻ ሰፈር ነው። ሁዳዴ ነበር! 55ቱ ቀን ማርች 11 ገብቶ የእኛ ፋሲካ ሜይ 5 ነበር የዋለው። በ2025 ደግሞ ሁለቱም ፋሲካ በአንድ ቀን፣ አፕሪል 20 ዋሉ። የ2024ን ብቻ አይቶ ቀን የሸመደደ ሞዴል በሚቀጥለው ዓመት መሳሳቱ አይቀርም። ስብሰባው ላይ ስለ ጾም ሳስረዳ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አለቃዬ «የእናንተን የቀን አቆጣጠር ላክልኝ» አለ።

ይህን የምነግራችሁ ለወሬ አይደለም። ባዳ የሆነ ተመራማሪ እንደ ጫጫታ የሚጥለው፣ እናንተ እንደ ምልክት የምታውቁት ነገር አለ። ዱባይና ሪያድ ሱቅ ውስጥ የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ሲመጣ መደርደሪያው እንዴት እንደሚለወጥ ከማንም በላይ ታያላችሁ። ጻፉት። በቀን በቀኑ ደብተር ላይ አስፍሩት። የሰው ስምና የካርድ ቁጥር ግን አትንኩ። የጥቁር ጉድጓድ ዳታ የማንንም ጓዳ አይገልጥም፤ የገበያ ዳታ ይገልጣል።

መስክ መሻገር የሚያስፈራችሁ ካለ ትምኒት ገብሩን አስቡ። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ስታንፎርድ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማረች። ከባልደረቦቿ ጋር ከ200 የአሜሪካ ከተሞች የተነሱ 50 ሚሊዮን የመንገድ ፎቶዎችን በኮምፒውተር አስነበበች። መንገድ ላይ ከታዩት መኪኖች ብቻ የሰፈሩን ገቢ፣ የትምህርት ደረጃና የምርጫ ዝንባሌ ገመቱ። በ2017 የታተመ ሥራ ነው። ምህንድስና ነው? ኮምፒውተር ነው? ኅብረተሰብ ጥናት ነው? ሁሉንም ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ። አሜሪካ ውስጥ በፊዚክስና በኮምፒውተር ሳይንስ ፒኤችዲ የሚገባ ሰው በአብዛኛው ክፍያው ይሸፈንለታል፤ እያስተማረ ወይም ላቦራቶሪ ውስጥ እየሠራ ወርኃዊ ገንዘብም ያገኛል። ማስተርስ ግን ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው። ብድር ከመፈረማችሁ በፊት በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት እችላለሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔን ማንም አልነገረኝም፤ ዕዳውን ለዓመታት ከፍያለሁ። ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ቲዎሪ የምትወዱ፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 ትሪየስት ጣሊያን ውስጥ ያቋቋመውን የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል (ICTP) እወቁት። እንደኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ወጣቶች ታስቦ የተሠራ ነው። የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርትም አለው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ የምርምር ጽሑፍዎን በክፍያ በሦስት ቀን እናትማለን የሚል ኢሜይል ይመጣላችኋል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለአንዱ ከፈልኩ። የሁለት ወር የማታ ደመወዜ ነበር። አንድ ስህተት እንኳ ሳያርሙ አወጡት። ከዓመት በኋላ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ስለሱ ነው። ለፊዚክስም ለኮምፒውተርም አርካይቭ (arXiv) የሚባል፣ በ1991 በፊዚክስ የተጀመረ የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ አለ፤ ማንበቡም ማስገባቱም ነፃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስገቡ መስኩ ውስጥ ያለ ሰው እንዲመሰክርላችሁ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ አድቫይዘራችሁን ለምኑ።

የአሜሪካ ፒኤችዲ ማመልከቻ ብዙ ቦታ ዲሴምበር ላይ ይዘጋል። ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት እስኪመጣ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ኦገስት ላይ ወንድም ወይም እህት ሬጅስትራር ላኩ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን በኢሜይል ብቻ አትጠብቁ፤ ደውሉላቸው፤ ጤናቸውን ጠይቁ፤ ምን እንደምትሠሩ ንገሯቸው።

ያ ልጅ ከሦስት ወር በኋላ መልሶ ደወለ። ከሥራ ገብቶ ነው፤ እዚያ ገና ነግቷል። የ2015ቱን ዳታ አውርዶ፣ ጫጫታውን አጣርቶ፣ ምልክቱን ወደ ድምፅ ለውጦታል። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ያዳምጡኝ» አለና ስልኩን ላፕቶፑ ላይ አስጠጋው። መጀመሪያ ዝግ ያለ ጉርምርምታ። ከዚያ ሽቅብ ተስፈንጥሮ ጠፋ።

«እስቲ ድገመው» አልኩት።